መውጣቱንማ ወጣ

የአንድ ሞተር ነገር ላውጋችሁ።

ጥቅምት 19 ነው፤ የይምርሐነ ክርስቶስ ዕለት። ከላሊበላ በብልባላ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ይኬዳል። ከዚያ በጽዱ ጥላ ሥር ዳገቱ በእግር ነው፤ ዋሻው ውስጥ እንጨትና ነጭ ልስን እየተደራረበ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን ይጠብቃል። ያነጸው ንጉሥ ከላሊበላ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። በዚህ ቀን መኪና ያጣ ሰው በሞተር ይሄዳል።

አንድ የላስታ ጎረምሳ እንበል። በቦክሰር ሞተሩ አንድ ቄስ አፈናጥጧል።

«ልጄ፣ ይህን ዳገት ትወጣው ይሆን?»

«አብሽሩ አባ! ይቺ ግድግዳም ትወጣለች።»

መውጣቱንማ ወጣች።

በዓሉ አለፈና የቦሎ ነገር መጣ። ማንኛውም ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር አዋጅ ቁጥር 681/2002 ያዛል። ጎረምሳው ሞተሩን አጠበ፣ ሰልባትዮውን ወለወለ፣ በኩራት ቀረበ። የሞተሯን ድምፅ ሊያሰማ ሲል መርማሪው፣ «አጥፋት» አለና ከኋላ ጎማው ሥር ቁጢጥ አለ።

የፍሬኑ ማጥበቂያ ብሎን እስከ መጨረሻው ተጠብቋል። የፍሬኑ ከበሮ ላይ ያለችው ትንሽ ቀስትም ምልክቷን አልፋለች።

«ሸራው አልቋል።»

«ጋሼ፣ ይይዛል እኮ!»

«ሜዳ ላይማ ይይዛል። ቁልቁለቱን በስንት ማርሽ ነው የምትወርደው?»

ልጁ ዝም አለ። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ነው የሚለቃት። ሁለተኛ ማርሽ ቢያስገባ ሞተሩ ራሱ ይይዛት ነበር፤ አሁን ግን ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ብቻውን ተሸከመው። ሸራው ጋለ፣ ተፋቀ፣ አለቀ።

መርማሪው ካቴናውን መሃል ላይ በጣቱ ከፍ ዝቅ አደረገው። ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢጫወት ደንብ ነው፤ ይሄ ግን ተንዘላዝሏል። እንዲህ ያለ ካቴና ከጥርሱ ዘሎ ጎማው ላይ ከተጠመጠመ ጎማው በሩጫ ላይ ይቆለፋል። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ሲነቀንቀው ኩሽኔታው ቀጭ ቀጭ አለ፤ ኮረኮንቹ በልቶታል። ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጅ ሲሰጥ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ተፋ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተሩ ለደጋው ካልተስተካከለ ነዳጁ ከአየሩ ይበልጥና ሳይቃጠል ይወጣል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ገና መብራቱ አልታየም። ፍሬን ሲረገጥ የኋላው መብራት አይበራም፤ ማብሪያው በአቧራ ተደፍኗል። የቀኙ ፍሬቻ በናስትሮ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ስፖኪዮዎቹን ራሱ ነቅሎ ቤት አስቀምጧቸዋል፤ አያምሩማ! ክላክሷ ብቻ አገር ታደነቁራለች።

«ጋሼ፣ ሞተሯ እኮ ምንም አልሆነች! ይምርሐነ ድረስ አስተማማኝ ናት።»

«መውጣቷን ማን ጠየቀህ? እኔ የማየው መቆሟን ነው። የፍሬን መብራቱም ለአንተ አይደለም፤ ከኋላህ ለሚመጣው ነው።»

ሞተረኛ ስንባል ጆሯችን ሞተሩ ላይ ነው፤ ጉልበቷ ካለ ሁሉ ያለ ይመስለናል። ብዙዎቻችንን የሚጥለን ግን የሞተር ጉልበት ማጣት አይደለም፤ ሸራ፣ ካቴና፣ አምፖል፣ ስፖኪዮ ነው። ሞተር ለማስወረድ ከሚወጣው ብር ጋር ሲተያይ የእነዚህ ዋጋ ከቁም ነገር አይቆጠርም።

ልጁ እያጉረመረመ ሄዶ ሁሉንም አሠርቶ ተመለሰ። መርማሪው ፍሬኑን ረገጠ፤ ያዘ። መብራቱ በራ። ሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ተመሳከረ፤ ልክ ነው። ልጁ ቦሎውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«የሦስተኛ ወገን መድንህስ?»

ጊዜው አልፎበታል።

«ጋሼ ሙት፣ እኔ ማንንም ገጭቼ አላውቅም!»

«ታዲያ መድኑ ለአንተ ነው እንዴ? ለምትገጨው ነው እንጂ!»

ልጁ ሳቀ፤ ሊብሬውን ኪሱ ከቶ መድን ወደሚሸጥበት ሄደ።