ሲንዲኬሽን ስርጭት ብቻ አይደለም

በቴክኖሎጂ ጽሑፎቻችን «ሲንዲኬሽን» ሲመጣ ብዙውን ጊዜ «ስርጭት» ተብሎ ይታለፋል፤ ይዘትን ለተመልካቹ ከሚቀርበው ሰርቨር የሚያደርሰው ሲዲኤንም «የይዘት ስርጭት መረብ» ይባላል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ግን ፈቃድንና ማጓጓዣን ያምታታል። የሲንዲኬሽን ሥር የግሪኩ «ሲንዲኮስ» ነው፤ በሙግት ጊዜ ከባለጉዳዩ ጎን የሚቆም ጠበቃ ማለት ነው። ኋላ የጋራ ጥቅም ያላቸው ሰዎች ማኅበር፣ ከዚያም አንድን ጽሑፍ ለብዙ ጋዜጦች የመሸጥ ንግድ መጠሪያ ሆነ። የድረ ገጾችን አዳዲስ ጽሑፎች ለተከታታዮች የሚያደርሰው አርኤስኤስ ቃሉን ወደ ኢንተርኔት ሲያሻግረው የመብት ትርጉሙ ደበዘዘ፤ በነፃ የሚነበብ ሁሉ በነፃ የሚታተም መሰለ።

«ሲዲኤንስ ቅጂ ያስቀምጥ የለም?» የሚል ይኖራል። ያስቀምጣል፤ ነገር ግን የአሜሪካ የ1998 እና የአውሮፓ ኅብረት የ2000 (እ.ኤ.አ.) ሕጎች ጊዜያዊ ቅጂን በቅድመ ሁኔታ ከተጠያቂነት ነፃ ያደረጉት አስቀማጩን እንደ አስተላላፊ ቆጥረው እንጂ ባለመብት አድርገውት አይደለም። ያው መረብ አንዱን ፊልም ለአንድ አገር ከፍቶ ለሌላው የሚዘጋውም የፈቃዱ ውል ስለሚያዘው ነው። ስለዚህ ሲዲኤንን «ይዘት አድራሽ መረብ»፣ ሲንዲኬሽንን ደግሞ «ዳግም የማቅረብ ፈቃድ» ብንል ይሻላል። ረዘመ የሚል ቢኖር፣ «ፈቃድ» የወደቀበት አጭር ስም አንባቢን ያሳስታል።