ሞራውና ከረጢቱ

ቃል ያበራል፤ አንዳንዴም ይጋርዳል። «የዓይን ሞራ መግፈፍ» ስንል፣ ሞራ ከሆድ ዕቃ ላይ እንደሚነሣ ሁሉ፣ ከዓይንም ላይ አንድ ስስ ነገር ተገፎ የሚጣል ይመስለናል። የፈረንጆቹም ቃል አልተሻለም። ከላቲን የወረሱት ስም ፏፏቴ ማለት ነው፤ የጥንት ሐኪሞች ውሃ ከራስ ወርዶ ዓይንን የሚጋርድ መስሏቸው ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1705 ፈረንሳዊው ሚሼል ብሪሶ የአንድ ሟች ወታደርን ዓይን ከፍቶ፣ የደፈረሰው የዓይኑ ሌንስ ራሱ መሆኑን አየ። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ሌንሱን በመርፌ ወደ ውስጥ እየገፉ ከብርሃን መንገድ ያርቁት ነበር። ዣክ ዳቪየል ግን፣ ይህ ዘዴ አልሳካ ሲለው፣ ብሌኑን ቀዶ ሌንሱን ወደ ውጭ ማውጣት ጀመረ። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊም በጦርነት የቆሰሉ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ዓይናቸው ውስጥ የቀረው የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስባሪ ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተዋለ፤ በ1949ም ሰው ሠራሽ ሌንስ ተከለ። ጥበቡ ሁለት ጊዜ ካልታሰበ ችግር ተወለደ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ እንድከታተል ያደረገችኝ በፎገራ ሜዳ ሩዝ የምታመርተው አክስቴ ናት። ግራ ዓይኗ በሰላም ታከመ። በቀኙ ግን ሌንሱን የሚይዘው ከረጢት በሥራ መካከል ተቀደደ፤ በዚያ ቀን ያለ ሌንስ ተመለሰች። በመንደሩ «ሐኪሙ እጁ ሳተ» ተባለ፤ ቀጠሮ የነበራቸው ሁለት ጎረቤቶቿም ቀሩ።

የከረጢቱ የኋላ ግድግዳ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ያነሰ ነው፤ በሠለጠነ እጅም ሊቀደድ ይችላል። ሲቀደድ ከበስተኋላው ያለው እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ነገር ወደ ፊት ይመጣል። ባለሙያው ያን ጊዜ አይቸኩልም፤ መሣሪያውንም በድንገት አያወጣም። የወጣውን ዝልግልግ ሳይጎትት ቆርጦ ያጸዳል። የተረፈው የከረጢት ጠርዝ የሚሸከም ከሆነ ሌንሱን በዚያ ላይ ያሳርፋል፤ ካልሆነም ለሌላ ቀን ያቆየዋል። የአክስቴም ሌንስ ለሌላ ቀን ቆይቶ ተተከለ። ዛሬ ከሩዝ ውስጥ ጠጠር ትለቅማለች።

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ የግማሹም ያህል ምክንያት ይኸው ሞራ መሆኑን አሳይቷል። በወረታ በምሠራበት ባንክ መስኮት፣ የሩዝ ገንዘባቸውን በጣታቸው እየዳሰሱ የሚቆጥሩ አዛውንት ሳይ ይህ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ለታካሚው አስቀድሞ ይነገረው እላለሁ፦ ከረጢቱ ሊቀደድ ይችላል፤ ቢቀደድም መላ አለው። ሳይነገረው የቀረውን ወሬ ይሞላበታል። ከአክስቴ ጎረቤቶች አንደኛው ዘግይተውም ቢሆን ሄደው ታከሙ። ሌላኛው ዛሬም ገበያ የሚወጡት በልጅ እጅ እየተመሩ ነው።