ሾፌሮቹ ያወቁት

ከሸሕዲ ተነስቶ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ልግባ ያለ ሰው፣ መጀመሪያ ቆላውን በመኪና አቋርጦ አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ መድረስ አለበት። በአንድ ቀን ነፍሱን ለሁለት ሰው ያስረክባል ማለት ነው፤ ለሾፌሩና ለፓይለቱ። ሾፌሩ ምሳ ላይ አረቄ ቀምሶ ከሆነ ከኋላው ተቀምጠን እናሸተዋለን። ፓይለቱ ግን በሩን ዘግቶ ነው የሚያበረን። እሱን ማን ያሸተዋል?

ኢትዮጵያ የቺካጎውን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። አየር መንገዳችንም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ካይሮ በረረ። ከስምምነቱ የተወለደው ኢካኦ ጠጥቶ ማብረርን ይከለክላል፤ ከመጠጡ እስከ በረራው ስንት ሰዓት ይለፍ የሚለውን ግን ለየአገሩ ትቶታል። አሜሪካ 8 ሰዓት ትላለች፤ ህንድ 12። ሰዓት የሚቆጠረው አልኮልን ከደም የሚያወጣው ጊዜ ብቻ ስለሆነ ነው። የኛ ቡና ከነአቦሉ ያነቃ እንደሆነ እንጂ አያጠራም።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1961 ፊንላንድ ውስጥ አንድ ዲሲ-3 ወደቀ። የኛ አየር መንገድ ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47ቶች ወንድም ነው። ሁለቱም ፓይለቶች ሲጠጡ አምሽተው ጠዋት ነበር የተነሱት። 25ቱም ተሳፋሪና ሠራተኛ አለቁ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጃፓን አየር መንገድ ታሪክ ነው። በ1977 (እ.ኤ.አ.) አላስካ፣ አንኮሬጅ ላይ ከብት የጫነ ዲሲ-8 ከመሬት እንደተነሳ ተከሰከሰ፤ 5 ሰው ሞተ። ካፒቴኑ ሰክሮ ነበር። ይህን ቀድሞ ያስተዋለው ማን መሰላችሁ? የታክሲ ሾፌር! ለኩባንያውም ተናግሯል። አብረውት ኮክፒት የገቡት ግን አላስቆሙትም።

ከ41 ዓመት በኋላ፣ በ2018 ለንደን ሂትሮው ላይ፣ የዚያው አየር መንገድ ረዳት ፓይለት ከተፈቀደው መጠን ወደ 10 እጥፍ ጠጥቶ ለበረራ መጣ። አሁንም ያሸተተው ሾፌር ነው፤ የበረራ ሠራተኞቹን የሚያመላልስ የአውቶቡስ ሾፌር። ይኼኛው ተሰማ። ፖሊስ መጣ፣ ፓይለቱ 10 ወር ተፈረደበት፣ አውሮፕላኑም ያለ እሱ በረረ።

እንግዲህ ሕጉ ሰዓት ይቆጥራል እንጂ አፍ አውጥቶ አይናገርም። የሚናገር ሰው ይፈልጋል። በአንኮሬጅ የጠፋው እሱ ነው፤ እኛ ዘንድ ስሙ ይሉኝታ ይባላል። "አለቃ ነው፣ ምን ይለኛል" ይባልና ዝም ይባላል።

እስቲ እናንተን ልጠይቅ፤ ከሸሕዲ ጎንደር በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ "ወንድምዬ፣ ጠጥተሃልና አንሄድም" ያለ ተሳፋሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?