ስለ ፍልጸት ሕመምና ስለ አባቶቻችን ሕክምና



ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጐዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ከሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዪቱ አጠገብ ባሕሩ ተንጣልሎ ይታያል፤ ወደ ውሃው ዘልቆ በገባው መሬት ላይ፣ ቀድሞ ደሴት በነበረው ስፍራ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1248 ዓ.ም. በዚህ ስፍራ የምንኩስናን ሥርዓት ካጸኑ ወዲህ ገዳሙ የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት ሆኖ ኖረ፤ አበ ምኔቱም «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕርግ ይጠራ ነበር። ማዕርጉ ኋላ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ሹመቶች አንዱ ለመሆን በቃ። ትርጓሜው በቀላሉ «ሰዓትን የሚጠብቅ» ማለት ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለ ራስ ምታት ስለ ሆነ፣ ይህ ማዕርግ ከራስ ምታት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። ቋንቋችን ለዚህ ሕመም አንድ ቃል ብቻ አልሰጠውም። ራስ ይመታል፤ ራስ ይወጋል፤ ራስ ይፈልጣል። የሚመታው እንደ ልብ ትርታ የሚዘልለው ነው፤ የሚወጋው በአንድ ስፍራ የሚቆመው ነው፤ የሚፈልጠው ደግሞ ራስን እንደ እንጨት ከሁለት የሚሰነጥቀው ነው። የዛሬ ሐኪም ሕመምተኛውን ሲመረምር ይመታል ወይስ ይጫናል፣ በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም ብሎ ይጠይቃልና፣ ባላገሩ ያለ ሐኪም የለያቸው ነገሮች ከዚህ እጅግ የራቁ አይደሉም። ፈለጸ የሚለው የግእዝ ግሥ ከፈለጠ ጋር አንድ ነው፤ ከእርሱም «ፍልጸት» የሚለው የሕመም ስም ወጣ። ይኸው ስም በብራና በተጻፉት ክታቦች ውስጥ ከቍርጸትና ከውግዓት ጋር ተሰልፎ ይገኛል። ሌሎችም ሕዝቦች መለየቱን አልዘነጉም። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጋሌኖስ «ሄሚክራንያ» ማለት ግማሽ ራስ ብሎ ሰየመው፤ ዛሬ ማይግሬን የሚባለው ቃል ከዚያ የተወለደ ነው። ዐረቦችም «ሸቂቃ» ሲሉት ያው ከሁለት የተከፈለውን ማለታቸው ነው።

ክታቡን ያነሣሁት ለመንቀፍ አይደለም። የክታቡ ርዝመት በሕመምተኛው ቁመት ልክ እንዲሆን ተደርጎ ይጻፍ ነበር፤ ጸሐፊውም የታማሚውን ስም በየጸሎቱ ውስጥ ያገባል። በእስልምናውም ወገን የወሎ ሼኮች በበኩላቸው ለሕመምተኛ ዱዓ ያደርጉ፣ ይጽፉም ነበር። ከዚህ ሌላ ዕፀዋትን የሚያዝዙ፣ መጽሐፈ መድኃኒት የተባሉ ጽሑፎች ነበሩን። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን እነዚህን የመድኃኒት መጻሕፍት መርምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 በዋርሶ፣ ሁለተኛውን ክፍል በ1973 በናፖሊ አሳትሞአቸዋል። የእኛን የመድኃኒት መጻሕፍት ለማንበብ ወደ ዋርሶ መጻፍ ማስፈለጉ ሊያሳፍረን ይገባ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሰውየው ባለውለታችን ነው።

ወደ ጓሮው እንውረድ። በሐይቅ ዙሪያም ሆነ ለዜማችን ቅኝት ስሙን በሰጠው በአምባሰል፣ እንደ ሌላው የደጋና የወይና ደጋ አገራችን ሁሉ፣ ራሱን የታመመ ሰው አስቀድሞ የሚያስታውሰው ዳማ ከሴን ነው። ቅጠሉ በመዳፍ ይታሻል፤ ሽታው ይማጋል፤ ጭማቂው በቡና ይጠጣል። ምች ለመታውና ትኩሳት ላለበት የተለየ መድኃኒት ነው ይባላል። ይህን አባባል የአገራችን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ፈትነው የቅጠሉ ጭማቂ ትኩሳትን እንደሚያበርድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 አሳትመዋል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን እናቶቻችን በከንቱ አልደከሙም ለማለት ያስችላል። ጤና አዳም ግን ጥንቃቄ ይሻል። በቡና ላይ አንዲት ቅጠል ጣል ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ አብዝቶ መጠጣት ሌላ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ጽንስ እስከ ማስወረድ የሚያደርስ አደጋ አለው። በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን ደግሞ ከጥንት ከአበው የመጣ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ዛፉ ግን ከአውስትራልያ የመጣው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ስለ ሆነ ልማዱ ከእኛ አያቶች ብዙ አያልፍም። ጥንታዊ የምንለው ሁሉ ጥንታዊ አይደለም።

በቀንድ የሚደረገው ዋግምትና በምላጭ የሚደረገው ብጥ ከዚህ ይለያሉ። በግንባርና በጆሮ ግንድ አጠገብ ቆዳን በጥቶ «መጥፎ ደም» ማፍሰስ ሕመሙን ያወጣል የሚለው አሳብ ከእኛም ከአውሮፓም ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነው። ዛሬ ግን አንድ ምላጭ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ቴታኖስን፣ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን እንደሚያስተላልፍ እናውቃለን። በዚህ ነገር ለአባቶች ክብር ሲባል ዝም ማለት አይገባም፤ ብጡ ይቅር።

ራስን ማሰር ግን ሊቀር የማይገባው ነው። ራሷን የታመመች ሴት ግንባሯን በሻሽ ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጋደም ስትል ያላየ ማን አለ? ብዙዎቻችን ይህን የሕመም ምልክት ነው ብለን አለፍነው እንጂ ሕክምና ነው አላልንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት፣ ማይግሬን ያለባቸው 23 ሰዎች ሕመሙ ሲነሣ ራሳቸውን በሚለጠጥ መቀነት እንዲያስሩ አደረገ። ከ69 ጊዜ ሕመም በ60ው ሥቃዩ ከግማሽ በላይ ቀለለላቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የሚያነጻጽረውም ሌላ ወገን አልነበረውም፤ ስለዚህ ብዙ ልንጭንበት አይገባም። ዋጋው ግን አንድ ሻሽ ነው። ብርሃንና ጩኸት የማይግሬንን ሕመም እንደሚያብሱ ግን የታወቀ ነውና፣ የተዘጋው መስኮት ከሻሹ ይልቅ የጸና ማስረጃ አለው።

አሁን ወደ ቡና እንምጣ፤ በወሎ ስለ ራስ ምታት ተናግሮ ቡናን መዝለል አይቻልምና። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ቡና መጠጣት በደጋው ክርስቲያን ዘንድ የተነቀፈ ነበር። በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ዘር ውስጥ ተዛምደው ስለሚኖሩ፣ ነቀፋው ሲላላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሁሉም ቤት ሆነ። «ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል» የሚለው ቃል ከዚህ ልማድ ጋር የሚሄድ ነው፤ እውነትም ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የራስን የደም ሥሮች ጠበብ ያደርጋል፤ በአንዳንድ የራስ ምታት ኪኒኖች ውስጥ የሚጨመረውም ሕመሙን ለማስታገሥ ስለሚረዳ ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ግን የደም ሥሮቹ ይሰፉና ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሕመሙ ይጀምራል፤ ከ2 እስከ 9 ቀንም ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ቡናው መድኃኒትም ምክንያትም ነው። ልዩነቱ በሰዓቱና በልኩ ላይ ነው።

ይህም የጾምን ራስ ምታት ያስረዳናል። የረመዳን የመጀመሪያ ቀኖች ራስ ምታት በሕክምና ጽሑፎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ያውቀዋል። ጾሙ በራሱ ጥፋተኛ አይደለም፤ የውሃ ማነስ፣ የእንቅልፍ መዛባትና የቡናው በአንድ ቀን መቋረጥ ተደራርበው ነው። ጾሙ ከመግባቱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ሲኒውን በየጥቂት ቀኑ የቀነሰ፣ ለሱሑር የተነሣም ከምግቡ ጋር ውሃውን በሚገባ የጠጣ ሰው ሥቃዩ ይቀልለታል።

አንባቢ ሆይ፤ እስከ አሁን ስለ ባላገሩ ተናገርሁ። በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ስለ ተቀመጠው ስለ እርስዎስ? ቁርስዎን ሳይበሉ በታክሲ ሰልፍ ይቆማሉ፤ ረፋዱን በሁለት ሲኒ ቡና ያሳልፋሉ፤ ዐይንዎን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሡ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ራስዎ መፍለጥ ሲጀምር መሳቢያውን ከፍተው ኪኒን ይውጣሉ። በኪኒኑ ላይ ጠብ የለኝም። አስፕሪን ራሱ ከዛፍ የተወለደ ነው፤ በወንዞቻችን ዳር ከሚበቅለው ከአኻያ ወገን ከሆነ ዛፍ ልጥ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር መንገዱን አሳይቶ፣ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ለገበያ አወጣው። ስለዚህ የባላገር መድኃኒትና የፋርማሲ መድኃኒት እንደ ጠላት የሚተያዩ አይደሉም። አደጋው ከቁጥሩ ላይ ነው። እንደ ፓራሲታሞልና እንደ አስፕሪን ያለውን ኪኒን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ካፌይን ወይም ሌላ የተቀላቀለበትን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር አልፎ የሚውጥ ሰው ኪኒኑ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል። ይህ በሽታ የራሱ ስም ያለው፣ በዓለም ሐኪሞች ዘንድ የተመዘገበ በሽታ ነው። ሰውየው ሕመሙ ስለ በረታ ኪኒን የጨመረ ይመስለዋል፤ ሕመሙም ኪኒን ስለ ጨመረ ይበረታል። ሲያቋርጥ ለጥቂት ቀኖች ይብስበታል፤ ስለዚህ ከሐኪም ጋር ተማክሮ ማቋረጥ ይሻላል።

ነገሩ የጥቂቶች ችግር አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ባሳተሙት የገጠር ጥናት ማይግሬን ያለባቸው ከመቶ 3 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ በ2016 በታተመው፣ እርሳቸውም በተሳተፉበት ሰፊ ጥናት ግን ከመቶ ወደ 18 ገደማ ሆኖ ተገኘ። የአጠያየቁ መንገድ ስለ ተለያየ በሽታው በ20 ዓመት ስድስት እጥፍ አደገ ማለት አይቻልም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 ከምድር ሕዝብ ከመቶው 40 ያህሉ የራስ ምታት ሕመም ነበረበት።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በአገራችን የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቶአል፤ የወባ የመጀመሪያ ምልክቶች ደግሞ ራስ ምታትና ትኩሳት ናቸው። ትኩሳት ያለበት፣ አንገቱ የደረቀ፣ ራሱን በድንገት እንደ መብረቅ ያመመው፣ አፉ የተያዘ ወይም አንድ ጐኑ የሰነፈ፣ ራሱን ተመትቶ የታመመ፣ ከ50 ዓመቱ በኋላ አዲስ ራስ ምታት የጀመረው፣ እንዲሁም ዐይኗ የሚጭበረበርባት ነፍሰ ጡር፣ እነዚህ ሁሉ ዳማ ከሴም ሻሽም ሳይጠብቁ ያን ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ለቀረው ሰው ግን የዐቃቤ ሰዓቱ ስም ይበቃል። የማይግሬን ራስ የሚጠላው ለውጥን ነው፤ ዛሬ አምስት ሰዓት ነገ ዘጠኝ ሰዓት መተኛትን፣ ምሳ መዝለልን፣ በሥራ ቀን አራት ሲኒ ጠጥቶ በእሑድ ማቆምን። መነኮሳቱ ሌሊት በደወል ሲነሡ እንቅልፋቸው አጭር ቢሆንም በየቀኑ ያው ነው። የመሥሪያ ቤት ሰው ደወል ባይኖረውም መዝገብ መያዝ ያውቃል። በአንድ ትንሽ ደብተር ሕመሙ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ የተኛበትን፣ የበላበትን፣ የጠጣውን ሲኒ ቁጥርና የዋጠውን ኪኒን ለሁለት ወር ይጻፍ፤ ወደ ሐኪም ሲሄድም ይዞት ይሂድ። ኪኒን የተዋጠባቸው ቀኖች በቀይ ቀለም ቢጻፉ ለመቁጠር ይቀላል።