በጆንያ ምክንያት የተከሰሰ ቡና

ዛሬ የምናወራው ስለ ዘር ወይም ስለ ርጭት አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ቡናችን ላይ ስለደረሰ አንድ ነገር ነው። ቡና የማታመርቱም አንብቡት፤ ሰሊጥም ሆነ በርበሬ ለገበያ የምታወጡ ሁሉ ይመለከታችኋል።

ጃፓኖች የእኛን ቡና «ሞካ» እያሉ ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፤ ከትልልቅ ገዥዎቻችንም አንዷ ጃፓን ነበረች። ታዲያ ግንቦት 21 ቀን 1998 ዓ.ም. ጃፓን በምግብ ላይ አዲስ ሕግ ሥራ ላይ አዋለች። ከዚያ በፊት የመጠን ገደብ ያልወጣለት ኬሚካል ምግብ ላይ ቢገኝም ጠያቂ አልነበረውም። አዲሱ ሕግ ግን ነገሩን ገለበጠው፦ ገደብ ያልወጣለት ኬሚካል ሁሉ ከ0.01 ፒፒኤም መብለጥ የለበትም አለ።

ይህ ምን ያህል ነው ካላችሁ፣ በአንድ 60 ኪሎ ጆንያ ቡና ውስጥ ከአንድ ሚሊግራም በታች፣ 0.6 ሚሊግራም ብቻ ማለት ነው። በዓይን አይታይም፣ በምላስ አይቀመስም። ማሽን ብቻ ነው የሚያገኘው።

ሁለት ዓመት አልፎ፣ በ2000 ዓ.ም. የጃፓን ተቆጣጣሪዎች ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ሊንዴን፣ ክሎርዴን፣ ሄፕታክሎርና ዲዲቲ አገኙ። ከዚያ በኋላ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ቡና ሁሉ እንዲመረመር አዘዙ። ገዥውም ፈራ፣ ወደ ጃፓን የሚላከው ቡና ክፉኛ ቀነሰ። ልብ በሉ፦ በዚያው ዓመት ጀርመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ቡናችንን መግዛት አላቆሙም። ቡናው ያው ነው፤ የተለያየው የአገሮቹ ሕግ ነው። አንዱ ደጃፍ ላይ ያለፈ ምርት ሌላው ደጃፍ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

አሁን እናንተ «እኛ ቡናችንን መድኃኒት አንረጭም እኮ!» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ አርሶ አደር ቡናው ላይ ፀረ ተባይ አይረጭም። ታዲያ ኬሚካሉ ከየት መጣ? በኋላ በተደረገው ማጣራት ጣት የተቀሰረው ጆንያው ላይ ነው። ቡናው የተያዘበት ጆንያ የኬሚካል ቅሪት ነበረበት ተባለ።

እስቲ መንገዱን አስቡት። ቡናው ከሲዳማ ወይም ከጅማ ይነሣል። ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ አዲስ አበባ መጋዘን ይገባል። እዚያ ይበጠራል፣ ይለቀማል፣ እንደገና ይታሸጋል። ከዚያ በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ ወርዶ የጅቡቲን መንገድ ይይዛል። በዚህ ሁሉ ጉዞ ስንት ጊዜ ጆንያ ይቀየራል? ስንት መጋዘን ውስጥ ያድራል? ዲዲቲ ደግሞ በአገራችን ለወባ መከላከያ ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሲረጭ የኖረ ነው። እነዚህ ኬሚካሎች ቶሎ አይጠፉም፤ አንዴ የነካቸው ዕቃ ለረጅም ጊዜ ይዟቸው ይቆያል።

ኪሳራውስ የማን ሆነ? በወረቀት ላይ ተጠያቂው ላኪው ነው፤ ውሉ ላይ የፈረመው እሱ ነውና። ነገር ግን ላኪ ሲከስር ለአቅራቢ የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል፤ አቅራቢም ለእናንተ ይቀንሳል። ጥፋቱ መንገድ ላይ ተፈጽሞ ዕዳው ጓሮ ድረስ ይመጣል።

ሌላም ችግር ነበር። በ2001 ዓ.ም. ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር፣ የብዙ ሰው ቡና በደረጃና በአካባቢ ተለይቶ አንድ ላይ ይቀመጥ ነበር። ግብይቱ ፈጣን ሆነ፤ ክፍያም ቶሎ ደረሰ። ነገር ግን «ይህ ጆንያ የማን ማሳ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ አልነበረም። ንጹሑም ከቆሸሸው ጋር አብሮ ይጠረጠራል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 አምራቹ ራሱ በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልክ በር ከፍቷል።

ዛሬ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሌላ ሕግ ይዞ መጥቷል። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና አልገዛም ይላል። የማሳውም መገኛ በጂፒኤስ ተለክቶ ይቅረብ ይላል። ሕጉ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ፣ ለትልልቅ ኩባንያዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. እንዲጀምር ተቀጥሯል። ጃፓን «ጆንያህን አሳየኝ» አለች፤ አውሮፓ «መሬትህን አሳየኝ» እያለች ነው። ሰሊጥ ላይ ደግሞ ሳልሞኔላ የሚባለውን ጀርም አጥብቃ ትፈትሻለች።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

• «ማዳበሪያ» ብለን የምንጠራው ከረጢት ስሙን ያገኘው ከያዘው ነገር ነው። ዩሪያ፣ ፀረ ተባይ ወይም የታሸ ዘር የነበረበትን ከረጢት ታጥቦም ቢሆን ለእህልና ለቡና አትጠቀሙበት።

• ምርትና ኬሚካል አንድ ክፍል ውስጥ አታሳድሩ። የርጭት ዕቃም ከጎተራው ይራቅ።

• ቡናም ሆነ ሰሊጥ መሬት ላይ አታስጡ። ቡናን በአልጋ፣ ሰሊጥን በንጹሕ ሸራ ላይ አድርጉት፤ ዶሮና ከብት አይድረስበት።

• መሠረታዊ ማህበራችሁ ማሳችሁን ሊለካ ሲመጣ «ለግብር ነው» ብላችሁ አትሽሹ፤ ለምን እንደሚለካ ጠይቁና አስመዝግቡ። ማሳችሁ ከ4 ሄክታር የማይበልጥ ከሆነ ለአውሮፓው ሕግ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል።

• ስትሸጡ ቀኑን፣ ኪሎውንና የገዥውን ስም ያዙ፤ ደረሰኙንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ነገ ጥያቄ ቢመጣ «የእኔ ምርት ንጹሕ ነበር» የምትሉበት ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ይህን ለጎረቤታችሁ አሳዩት፤ በተለይ ከረጢት ለሚያውሳችሁ!