ወደብ በሆዷ የያዘች መርከብና ወደብ ያጣው ባሕር ኃይላችን

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ፣ ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቀይ ባሕር ላይ ማረፉ አይቀርም። ከባሕር ይህን ያህል ርቀን ስለ መርከብ መከራከራችን ያስቅ ይሆናል። ነገር ግን በንግዱ ዓለም «ለቀምት» የሚባለው የአካባቢያችን ቡና ጅቡቲ ወርዶ መርከብ ካልተሳፈረ ዶላር አይሆንም። ጉዳዩ የእኛም ነው።

በክርክሩ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ ሐሳብ አለ፦ «ጠንካራ የጦር መርከብ ቢኖረን ወደቡ በራሱ ይመጣል»። ታሪካችን የሚነግረን ግን ሌላ ነው። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ጠላት በያዘው ወይም ወደብ በሌለው ዳርቻ ታንክና ወታደር እንዴት ይወርዳል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህ ጥያቄ አዲስ ዓይነት መርከብ ወለደ። ሐሳቡ ከእንግሊዞች መጣ፤ አሜሪካኖች ሠሩት፤ የመጀመሪያዋ «አሽላንድ» በ1935 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረች። በመርከቧ የኋላ ክፍል ሰፊ ገንዳ አለ። በጎንና በሥር ያሉት ጋኖች የባሕር ውኃ ሲሞሉ የኋላዋ ዝቅ ይላል፣ ትልቁ በር ይከፈታል፣ ገንዳው ይጥለቀለቃል፤ ጭነት የያዙት ጀልባዎች ተንሳፈው ይወጡና ወደ ዳርቻው ያመራሉ። ውኃው ተመልሶ ሲወጣ መርከቧ ቀና ትላለች። በአጭሩ፣ ወደብ በሆዷ ይዛ የምትዞር መርከብ ናት።

እኛ እንዲህ ዓይነት መርከብ ኖሮን አያውቅም። የነበረን ቀለል ያለው ነው። በ1970ዎቹ ደርግ ከሶቪየት ኅብረት «ፖልኖችኒ» የተባሉ ሁለት አራጋፊ መርከቦችን አገኘ። እነዚህ ገንዳ የላቸውም፤ ራሳቸው ዳርቻው ድረስ ተጠግተው በፊት በራቸው ታንክ ያወርዳሉ። ከዚያ በፊትም በንጉሡ ዘመን፣ በ1954 ዓ.ም.፣ አሜሪካ «ኢትዮጵያ» ተብላ የተሰየመችውን ትልቋን መርከብ ሰጥታን ነበር። በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ለባሕር አውሮፕላኖች መደገፊያ የተሠራች ስትሆን፣ እኛ ጋ ዋና መርከብም የባሕረኞች ማሠልጠኛም ሆነች።

መርከብ አልጠፋም ማለት ነው። የጠፋው ማደሪያው ነው። የካቲት 1982 ሻዕቢያ ምጽዋን ሲይዝ ባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈሩን አጣ፤ ወደ አሰብ ዞረ። ግንቦት 1983 አሰብም ሲሄድ ከጥቃት የተረፉት መርከቦች «ኢትዮጵያን» ይዘው ወደ የመን ሸሹ። «ኢትዮጵያ» ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የመንም እንግዶቹ ሰለቿት፤ ውጡ አለች። ጅቡቲ የደረሱት ቀሪዎቹ የወደብ ዕዳ ተቆልሎባቸው መስከረም 1989 በሐራጅ ተሸጡ።

ልብ በሉ፤ የመጨረሻዎቹን መርከቦቻችንን የወሰደብን መድፍ ሳይሆን ያልተከፈለ የማደሪያ ሒሳብ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤታችን እንመልከት። ሐምሌ 2009 ቻይና ወደ ጅቡቲ ሰፈሯ ወታደሮች ስትልክ ካሳፈረቻቸው መርከቦች አንዷ «ጂንግጋንግሻን» ነበረች፤ እሷም በሆዷ ገንዳ ያላት ናት። ያለ ወደብ ሠራዊት ማውረድ የምትችል መርከብ! ሆኖም የመጣችው አስቀድሞ ከጅቡቲ መንግሥት ጋር በተፈረመ ስምምነት ነው። ነዳጅ፣ ጥገና፣ ስንቅና የባሕረኛ እረፍት የሚገኘው መሬት ላይ ነዋ።

መንግሥት በ2010 ባሕር ኃይሉን ዳግም እንደሚያቋቁም አስታወቀ፤ በ2011 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ፈረመ። ባሕረኛ ማሠልጠኑን አልቃወምም፤ የሠለጠነ ሰው በአንድ ቀን አይገኝም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። መጀመሪያ ጎረቤት የተስማማበት፣ በሕግ የጸና፣ መንግሥት ሲለወጥ የማይፈርስ ማደሪያ፤ ከዚያ መርከብ። በጉልበት የተያዘ ወደብ ጉልበት ሲደክም እንደሚሄድ ማንም ሊነግረን አይገባም፤ ጦርነት ምን እንደሚያስከፍል ወለጋ ያለን ሰዎች ከማንም በላይ እናውቃለን።

ለቀምት ቡናም የሚፈልገው ይኼንኑ ነው፦ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ በር። እናንተስ ምን ትላላችሁ?