ስካርን የሸፈኑ ቃላት



ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። እንግሊዝኛ ለስካር ያበጃቸው የዘወትር ቃላት ስካሩን ከመግለጽ ይልቅ ይሸፍኑታል እላለሁ።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1737 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ላይ ያሳትመው በነበረው ጋዜጣ፣ ሰካራም የሚጠራባቸውን ከ200 በላይ አባባሎች በፊደል ተራ አወጣ። በመግቢያውም አባካኝነት «ቸርነት» መባልን እንደሚሻ፣ ስካር ግን የሚመሳሰለው በጎ ምግባር ስለሌለ በዘወርዋራ ንግግር እንደሚነገር አስረዳ። እንግዲህ የቃላቱን ብዛት የወለደው እፍረት ነው ማለት ነው።

በ1740 ደግሞ አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን ለመርከበኞቹ የሚታደለው ሩም በውሃ እንዲበረዝ አዘዘ። መርከበኞቹም ብርዙን በአዛዣቸው ቅጽል ስም «ግሮግ» አሉት። ከዚህ የወጣው «ግሮጊ» መጀመሪያ ሰካራም ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ከእንቅልፉ በቅጡ ላልነቃ ሰው ይነገራል። መጠጡ ከቃሉ ተኖ ጠፍቷል።

ስዊድናዊው ሐኪም ማግኑስ ሁስ በ1849 «አልኮሊዝም» የሚለውን የሕክምና ስም እስኪያወጣ ድረስ፣ በሱስ የተያዘው ሰው በአብዛኛው የሚጠራው በቀልድ ወይም በነቀፋ ነበር። ስም ሲገኝ ሕመሙም መታየት ጀመረ።

እኛስ «ትንሽ ሞቅ ብሎታል» ስንል የማንን ጉዳት እየሸፈንን ይሆን? የጥንት ሰነድ ስታነቡ፣ ሳቅ በበዛበት ቃል ላይ ቆም በሉ፤ በቤቱ የቀሩትን ሚስትና ልጆች ፈልጉ።